ብሩስኬታ ነው፤ ብሩሼታ አይደለም

ሰለቸኝ። ምሽት መጥቶ ወንበሩ በሞላ ቁጥር፣ ሜኑውን የያዘው እንግዳ ጣቱን መጀመሪያው መስመር ላይ ሲያሳርፍ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ብሩሼታ» ይለኛል። «እሺ፣ አንድ ብሩሼታ» ብዬ እጽፋለሁ። ቃሉ ግን ብሩስኬታ ነው። ከሮማ አካባቢ አነጋገር የመጣ ሲሆን ብሩስካሬ ማለት ፍም ላይ መጥበስ ነው። ዳቦው ይቆረጣል፣ ፍም ላይ ይጠበሳል፣ ትኩስ እንዳለ ነጭ ሽንኩርት ይታሽበታል፣ የወይራ ዘይት ይፈስበታል፣ ጨው ይነሰነስበታል። ቲማቲም ቢደረግበትም ባይደረግበትም ስሙን ያገኘው ከተጠበሰው ዳቦ ነው። እዚህ አሜሪካ ሱፐርማርኬት ብትገቡ ግን በጠርሙስ የታሸገ የተከተፈ ቲማቲም «ብሩሼታ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ታገኛላችሁ። ዳቦው የለም፣ እሳቱ የለም፣ ድምፁም የለም።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በምግብ ቤትና በቡና ቤት የምንሠራ አበሾች ብዙ ነን። ስንገናኝ የምናወራው ስለ እግር ሕመም፣ ስለ ጉርሻና ስለ ፈረቃ ነው፤ ጣሊያን ቤት የምንሠራው ግን አንድ ተጨማሪ ብሶት አለን። ቃሉን አስተካክሎ የተናገረ ሰው ይታረማል። «ብሩስኬታ ላምጣላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ደንበኛው ፈገግ ይልና ረጋ ባለ ድምፅ «ብሩሼታ ማለትህ ነው» ይለኛል። ክፋት የለበትም፤ ሊረዳኝ ነው። እንግሊዝኛዬ የአገሬው ዜማ ስለሌለው የሳትኩት እኔ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነው። ምን ልመልስለት? ጉርሻው በእሱ እጅ ነው። ሥራ አስኪያጁም ቀድሞ አስጠንቅቆናል፦ ደንበኛ እንዳለው በሉ፣ አታርሙ። ስለዚህ ትክክሉን እያወቅን ስሕተቱን እንናገራለን፤ በየጠረጴዛው፣ ሌሊቱ እስኪጋመስ። አንዲት አብራኝ የምትሠራ እኅታችን ቤቷ ገብታ ልጆቿ ፊት እንኳ «ብሩሼታ» እያለች መሆኑን ሰምታ እንደ ደነገጠች ነግራኛለች። ምላስ የለመደውን ነው የሚይዘው፤ እኛንም በክፍያ እያስለመዱን ነው።

ነገሩ ከባድ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ጣሊያንኛ እንደ እንግሊዝኛ አጻጻፉ ወዲህ አነባበቡ ወዲያ የሆነ ቋንቋ አይደለም። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ እናውቀዋለን፤ የአንዱን ቃል አነባበብ ብታጠኑ ለሚቀጥለው አይሆናችሁም። የጣሊያንኛ ደንብ ግን ጥቂት ነው፣ ያውም የማይከዳ። «ሲ» የምትባለው ፊደል ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» ድምፅ ፊት ስትመጣ ች ናት፤ ከቀሩት አናባቢዎች ፊት ክ ናት። ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» ፊትም ክ እንድትሆን ከተፈለገ መሃል ላይ «ኤች» ትገባለች። «ጂ»ም እንደዚያው ናት፤ ብቻዋን ጅ የምትሆንበት ቦታ ላይ «ኤች» ስትጨመርላት ግ ትሆናለች። ስፓጌቲ በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ኤች» ሥራዋ ይህ ነው፤ እሷ ባትኖር ስፓጄቲ ይባል ነበር። ስፓጌቲን ደግሞ ሁሉም አስተካክሎ ይጠራዋል። ታዲያ ስፓጌቲ ላይ ያወቋትን «ኤች» ብሩስኬታ ላይ ምን አስረሳቸው? ኪያንቲ የሚባለውን የቶስካና ወይን «ቺያንቲ» የሚል ሰው፣ ላምቦርጊኒ የሚባለውን መኪና ሲጠራ አንድም ቀን አይሳሳትም።

ድምፁም ቢሆን ባዳቸው አይደለም። «ስክ» በእንግሊዝኛ ሞልቷል። ትምህርት ቤት የሚሉበት ቃላቸው፣ ስኩል፣ የሚጻፈው በዚያው በ«ኤስ»፣ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ነው፤ «ሹል» ብሎ የሚያነበው የለም። እኛ ጸሐይ፣ ጫላ፣ ቅድስት ስንባል አፋቸው ቢያቅተው አልፈርድባቸውም። ጸ፣ ጨ እና ቀ ቋንቋቸው ውስጥ የሉም፤ ያልነበራቸውን ድምፅ ከየት ያመጣሉ? ስማችን ሲሰባበር ሰምተን ስንት ጊዜ በዝምታ አልፈናል። ብሩስኬታ ግን ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ኞኪም አይደለም። «ጂ» እና «ኤን» ሲጣመሩ በጣሊያንኛ ኝ ናቸው፤ ከድንች የሚሠራው ድቡልቡል ሊጥ ኞኪ ይባላል። «ኖኪ» ሰምቻለሁ፣ «ግኖቺ» ሰምቻለሁ፣ «ጊኖኪ» ሰምቻለሁ። እነዚሁ ሰዎች ላዛኛ ሲሉ፣ ያው ፊደል ያው ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ ይሳካላቸዋል።

እዚህ ላይ የአገር ቤት መካኒኮችን ማንሳት አለብኝ። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት፣ በኤርትራ በኩልም በመጣው ንግድና የእጅ ሙያ፣ ብዙ የጣሊያንኛ ቃል ወደ አማርኛ ገብቷል። የገባበትን መንገድ ማንም አይወደውም። ቃሎቹን የተቀበሏቸው ግን የከባድ መኪና ረዳቶች፣ መካኒኮች፣ ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ የላቲን ፊደል የማይቆጥረው ብዙ ነበር። በጆሯቸው ሰምተው በአፋቸው ያዙት። ዛሬም ጋራዥ ግቡና አዳምጡ። ቸርኬ ይላሉ፤ ክብ ማለት ከሆነው ቼርኪዮ የመጣ ነው። እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ «ሲ» አንዴ ች ናት፣ አንዴ ክ ናት፤ መካኒኩ ሁለቱንም አልሳተም። ኩሽኔታ ከኩሺኔቶ ነው፤ ሽ ቦታዋን ይዛለች። ካቻቢቴ፣ ላቫጆ፣ ጀሶ ስንል ችም ጅም በየቦታቸው ናቸው። ማኪያቶን «ማቺያቶ» የሚል የአዲስ አበባ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

በጆሮ የተወሰደ ቃል ድምፁ ይተርፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው እነዚህን ቃላት ያገኛቸው በዓይኑ ነው፤ ከሜኑ፣ ከማሸጊያ፣ ከመጽሔት ላይ አይቶ በራሱ ቋንቋ ደንብ ያነባቸዋል። ማንበቡን አልቃወምም። የሚያናድደኝ አለመጠየቁ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ የናፖሊ ሰው ቆሞ ሊጥ እያሸ፣ ከእሱ አፍ በሃያ እርምጃ ርቀት የተቀመጠ ሰው ከወረቀት ይማራል፤ ከወረቀት የተማረውን ይዞ ደግሞ እኔን ያርማል። የሚጠይቁም አልጠፉም፣ እግዜር ይስጣቸው። «እንዴት ነው የሚባለው?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ይሞክሩታል፣ ይይዙታል፣ አለቀ። ዳቦው እስኪቀርብ ድረስ እንኳ አይፈጅም።

ከፊደሎቹ ሁሉ ይልቅ ውስጤን የሚበላኝ ግን መጥበቅና መላላቱ ነው። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ገና ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። አለ ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። ፊደላችን ልዩነቱን አያሳይም፣ እኛ ግን ከእናታችን አፍ ስለወሰድነው አንስተውም። ጣሊያንኛም እንዲሁ ያጠብቃል፣ ያላላል፤ እንዲያውም ለአንባቢ አዝኖ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ደርቦ ይጽፈዋል። ሴቴ ላልቶ ጥማት ነው፣ ጠብቆ ሰባት። ኖኖ ላልቶ ዘጠነኛ ነው፣ ጠብቆ ወንድ አያት። ካፔሎ የሚለው ቃል ፔ ከላላ ፀጉር ነው፣ ፔ ከጠበቀ ባርኔጣ። እንግሊዝኛ በቃል መሃል እንዲህ አይለይም፤ ሁለት ፊደል ተደርቦ ቢያይም አንድ አድርጎ ያልፈዋል።

ፔኔ የሚባል ፓስታ አለ፤ ቱቦ መሳይ ነው፣ ጫፉ ገደድ ተደርጎ የተቆረጠ። ስሙ ከብዕር የመጣ ነው፤ ጫፉ የድሮውን የላባ ብዕር ጫፍ ይመስላል። ኔ የግድ መጥበቅ አለባት። ካልጠበቀች ቃሉ የወንድ ብልት ስም ይሆናል። እንግዲህ በየምሽቱ የምሰማውን አስቡት። የተከበሩ አሮጊት፣ የልጅ ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው፣ ያንን ነገር ከቲማቲም ሱጎ ጋር ያዛሉ፤ እኔም ዓይኔን ወረቀቴ ላይ ተክዬ እጽፋለሁ። እሳቸው ምንም አያውቁም፣ ጥፋትም የለባቸውም። ወጥ ቤት ያለው የናፖሊ ሰው ድሮ ይስቅ ነበር አሉ፤ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ግን ሲስቅ አላየሁም፤ እሱም ታክቶታል። እኛ አበሾቹ ይህን ቃል ማንም ሳያስተምረን አጥብቀን እንለዋለን፤ ማጥበቁ የራሳችን ቋንቋ ጠባይ ነውና። ሥራ አስኪያጁ ግን ስናጠብቅ «አክሰንት አበዛችሁ» ይለናል።

የመጨረሻዋ አናባቢም ሌላ ጣጣ ናት። ጣሊያንኛ የጻፈውን ሁሉ ያነባል ማለት ይቻላል፤ ጫፍ ላይ ያለችውም ትነበባለች። ካልጾኔ «ካልዞን» ይሆናል፣ ፕሮቮሎኔ «ፕሮቮሎን» ይሆናል፣ ማስካርፖኔ ደግሞ «ማርስካፖን» ይሆናል፤ ር ከቦታዋ ተነቅላ ወደ ፊት ትዘላለች፣ ኔ ትቆረጣለች። ቬርሳቼ «ቨርሳቺ» ተብሎ ቀርቷል፤ ጂያኒ ቬርሳቼን የሚያህል ሰው ስሙን ይዞ ዓለምን ዞሮ ስሙን አላስተካከሉለትም።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ ማዛባት አልፈልግም። ከኒው ጀርሲና ከብሩክሊን የሚመጡ የጣሊያን ዘሮች አሉ፤ «ሞጻሬል»፣ «ሪጎት» ይላሉ፣ መጨረሻዋን ይውጧታል። እነሱን ከዚህ እሮሮ አወጣቸዋለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1924 የስደተኛ በሯን እስክታጠብ ድረስ ከናፖሊና ከቀረው የደቡብ ጣሊያን በመርከብ የመጡት አያቶቻቸው ይዘውት የመጡት የየመንደራቸውን ቋንቋ ነበር። ዛሬ ጣሊያንኛ የምንለው፣ በፍሎረንስ አነጋገር ላይ የተመሠረተው ቋንቋ፣ ያኔ ለአብዛኛው ሕዝብ የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1861 አንድ ስትሆን ይህንን ቋንቋ የሚናገረው ከመቶ ሁለት ተኩል ያህሉ ብቻ እንደነበር የቋንቋ ሊቁ ቱሊዮ ዴ ማውሮ ገምቷል። በናፖሊ አነጋገር የቃል መጨረሻ አናባቢ ትደበዝዛለች። ስለዚህ «ሞጻሬል» የሚለው የብሩክሊን ሽማግሌ አልተሳሳተም፤ የአያቱን አፍ ነው የያዘው። እሱም እንደ መካኒኮቻችን በጆሮው ነው የወሰደው። ሥጋዬን የሚጨርሰው የማፊያ ድራማ በቴሌቪዥን አይቶ «ጋባጉል» እያለ የሚያዘኝ፣ ከናፖሊም ከብሩክሊንም ያልሆነ ሰው ነው። ካፖኮሎ ማለቱ ነው፤ ከአሳማ አንገት የሚዘጋጅ የደረቀ ሥጋ ነው። ምን እንደሆነ ስነግረው ሐሳቡን ይቀይርና ዶሮ ያዛል።

ትርጉሙ ደግሞ ከድምፁ ይብሳል። ላቴ በጣሊያንኛ ወተት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሮማ ሄዶ ባንኮኒ ላይ ቆሞ «ላቴ» ብሎ ያዘዘ አሜሪካዊ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወተት ይቀርብለታል፤ ያዘዘውን ነው ያገኘው። ፔፔሮኒ በጣሊያንኛ ቃሪያ ነው፤ ያ ትልቁ፣ የማያቃጥለው፣ ቀይና ቢጫ የሚሆነው። አሜሪካኖች በዚህ ስም የሚጠሩት ቀይ ቋሊማ እዚሁ አሜሪካ በጣሊያን ስደተኞች መሃል የተወለደ ነው፤ ናፖሊ ሄደው በዚያ ስም ቢጠይቁ የአትክልት ፒዛ ይመጣላቸዋል። ስካምፒ ራሱ የባሕር ፍጥረት ነው፣ ቀጭን ሎብስተር መሳይ፤ እዚህ «ሽሪምፕ ስካምፒ» ብለው አንዱን ፍጥረት በሌላው ስም ይሠሩታል። ማሪናራ ሲሉ ሱጎውን ማለታቸው ነው፤ ጣሊያን አገር ፒዛ ማሪናራ ያዘዘ ሰው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ያለበት፣ አይብም ዓሣም የሌለበት ፒዛ ያገኛል። ጾም የያዘ ወገን ወደዚያ ከሄደ ይህችን ስም ይያዝ፤ አይብ ይነሣልኝ እያለ መለማመጥ አያስፈልገውም።

ቦሎኛን ሳስብ ደግሞ አዝናለሁ። ዩኒቨርሲቲዋ ከእ.ኤ.አ. 1088 ጀምሮ የሚቆጠር ታላቅ ከተማ ናት። እዚህ ስሟ የርካሽ ቋሊማ መጠሪያ ሆኗል፤ አጠራሩም «ባሎኒ» ነው። በዚያው ድምፅ ቅጥፈትንና የማይረባ ወሬን ይሰድቡበታል። የከተማዋ ልጅ እዚህ መጥቶ «ከየት ነህ?» ሲባል ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቡት።

ማኪያቶ ላይ ግን የእኛም ሰው ተበዳይ ነው። ማኪያቶ ማለት ጠብታ ያረፈበት፣ የነካካው ማለት ነው። ጣሊያኖቹ ጋ ጥቁር ቡና ላይ ወተት ጠብ ይደረግበታል፤ አዲስ አበባ ወተቱ በርከት ይልና በትንሽ ብርጭቆ ይመጣል፣ ጠቆር ያለ ወይም ነጣ ያለ ተብሎ ይታዘዛል። ሁለቱም ቡና ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ ይተዋወቃሉ። ከአገር ቤት አዲስ የመጣች ሴት ከረዥም በረራ በኋላ አንድ የምታውቀውን ቃል ሜኑ ላይ አይታ ደስ ብሏት «ማኪያቶ» ትላለች። ተቀባዩ «በየትኛው መጠን?» ይላታል። «ግራንዴ» ትልቅ ማለት ነው፣ እዚህ ግን የመካከለኛው ኩባያ ስም ነው። «ቬንቲ» ሃያ ማለት ነው፣ ሃያ አውንስ ስለሚይዝ። ግራ ገብቷት ወደ አንዱ ትጠቁማለች። የሚመጣላት በቁመቱ የአበባ ማስቀመጫ የሚያህል የወረቀት ኩባያ ነው፤ የካራሜል ሽሮፕ ከላይ እስከ ታች የወረደበት፣ አንዳንዴም በረዶ የሚንኳኳበት። ቀምሳው ታስቀምጠዋለች። ገንዘቡ ተከፍሏል። «ቡና ነበር የፈለግሁት» ትላለች፤ እሷ ትክክል ናት፣ ሮማም አዲስ አበባም ይመሰክሩላታል፣ በዚያ ባንኮኒ ፊት ግን የሚሰማት የለም።

ነጠላና ብዙውን አለመለየታቸውን በአጭሩ ልለፈው፤ ብናገረውም የሚድን አይመስለኝም። ፓኒኖ አንድ ሳንዱች ነው፣ ፓኒኒ ብዙ ነው። እዚህ «አንድ ፓኒኒ» ይባላል፣ ሁለት ሲሆን «ፓኒኒስ» ይባላል። ቢስኮቲም እንደዚሁ ናት። ፓፓራጾ ፌዴሪኮ ፌሊኒ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው «ላ ዶልቼ ቪታ» በተባለ ፊልም ውስጥ ያለ የአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ስም ነው፤ ብዙ ሲሆኑ ፓፓራጺ ይባላሉ። ጋዜጦቹ ግን «አንድ ፓፓራዚ ተከሰሰ» ብለው ይጽፋሉ።

ከምግብ ቤቱ ውጭም ዕረፍት የለም። ክሬሼንዶ የሙዚቃ ቃል ነው፤ እያደገ የሚሄድ ማለት ነው፣ ድምፁ ከትንሽ ተነሥቶ ወደ ትልቅ የሚወጣበት መንገድ። ዜና አንባቢው «ተቃውሞው ክሬሼንዶ ላይ ደረሰ» ሲል መንገዱን ጫፍ አደረገው። ኮንፌቲ በጣሊያን ሠርግ ላይ ለእንግዳ የሚታደል፣ በስኳር የተሸፈነ ለውዝ ነው፤ እዚህ የሚበተን ወረቀት ነው፣ ጣሊያኖቹ እሱን ኮሪያንዶሊ ይሉታል። ቢምቦ ጣሊያንኛው ሕፃን ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሴት የሚሰነዘር ስድብ ነው። ደጅ ላይ ጠረጴዛ የሚፈልጉት «አል ፍሬስኮ» እንብላ ይሉኛል። ጣሊያን አገር እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ያስፈግጋል፤ አል ፍሬስኮ አለ የሚባለው እስር ቤት የገባ ሰው ነው። ደጅ መብላት አላፔርቶ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ያደገ አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኛስ ፖርቶ መጋላ እንል የለ?» ይለኛል። ልክ ነው። የመኪና ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ በጣሊያንኛ ፖርታባጋሊ ነው፤ እኛ መጋላ አድርገነዋል። ሊብሬቶን አሳጥረን ሊብሬ፣ ካልጼን ካልሲ ብለናል። የስፖርት ጋዜጠኞቻችንም የቱሪኑን ክለብ ዩቬንቱስን «ጁቬንቱስ» ሲሉ ይኸው ስንት ዘመናቸው፤ እነሱንም ብሰማ ጥርሴን አፋጫለሁ። ቋንቋ ሲዋዋስ ቃል መጣመሙ አይቀርም፤ በዚህ አልከራከርም።

ልዩነቱ ይህ ነው። ፖርቶ መጋላ የሚል ሾፌር ጣሊያንኛ ተናገርኩ ብሎ አያውቅም። ቃሉ አማርኛ ሆኗል፤ ሻንጣ ይጫንበታል፣ ይወረድበታል፣ ማንም አይኮራበትም። እኔ የምሠራበት ዓይነት ቤት ግን የሚሸጠው ጣሊያንነትን ነው። በሩ ላይ «እውነተኛ የጣሊያን ምግብ» ተብሎ ተጽፏል። ስሙ በጣሊያንኛ የተጻፈው ምግብ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ይወደዳል። ደንበኛው የወይራ ዘይቱ ከየትኛው አውራጃ እንደመጣ ይጠይቀኛል፣ አይቡ ስንት ወር እንደቆየ ይጠይቀኛል፣ ወይኑን አሽትቶ የተጨመቀበትን ዓመት ይገምታል። ለዘይቱ፣ ለአይቡና ለወይኑ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ለስማቸው ግማሽ ደቂቃ ያጣል። የሰው ቃል ለጌጥ ወስዶ ባለቤቱ እንዴት እንደሚጠራው አለመጠየቅ ንቀት ነው፤ አስቦ ያላደረገው ንቀትም ንቀት ነው። ስማችን በየቀኑ እየተሰባበረ የምንኖር እኛ ስለሆንን ይሆናል እንዲህ የሚቆረቁረን።

የናፖሊው ሰው አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁን «ለአስተናጋጆቹ እኔ ላስተምራቸው፣ እነሱ ለደንበኛ ይንገሩ» ብሎት ነበር። ለማስተማሩ ገንዘብ አልጠየቀም። መልሱ ጊዜ የለም የሚል ሆነ። በዚያው ሳምንት ስለ ቦርሳ አያያዝና ስለ ፈገግታ ረዥም ስብሰባ ተደረገ፤ እኛም ቁጭ ብለን ሰማን።

አሁን ደግሞ ሜኑው ሊቀየር ነው። ካቾ ኤ ፔፔ ይገባል፤ አይብና ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው፣ «ካሲዮ» እንደሚሉት ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ስፎልያቴላ ይገባል፤ በስንት ዓይነት እንደሚሰባበር እግዜር ይወቀው። ከካላብሪያ የሚመጣው፣ ዳቦ ላይ የሚቀባው የሚያቃጥል የአሳማ ቋሊማ፣ ንዱያም ይገባል። ትናንት ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን «እንዱጃ» እንድንል ነገረን። ንዱያ እንደሚባል ነገርኩት፤ ከወጥ ቤት ያለውንም ሰው መጥራት እንደሚችል ነገርኩት። ደንበኛ እንደዚያ ብሎ አይጠራውም አለኝ። ከዓርብ ጀምሮ እንዱጃ ነው።